አራተኛዋ ጥያቄ

በ1961 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ አራት ነገር አስታውሶ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የባለቤቱን ስም። አለዚያ ድሬሰር ሽባባው አይነካውም። እሾህ ይውጋህ፣ ሆድህን ይቁረጥህ፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና "ስምህ ማን ነው?" ብሎ ይጀምራል። ዓመታት ያወቀህ ጎረቤትህ ነው እኮ፤ ትናንት አብሮህ ምሳ በልቷል። የለመዱትማ ገና በሩን ሳያልፉ፣ "እከሌ እባላለሁ፣ ያለሁት ቡታጅራ ነው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሚስቴ እከሊት ነች፣ በል አሁን ጥርሴን እየው" ይሉታል። ይህን ጊዜ ይቆጣል። "ተሸምድዶ የመጣ መልስ አልቀበልም" ይልና እንደገና ከስም ይጀምራል።

ይስቁበት ነበር። የሚስቅበት ሁሉ ግን ይወደዋል፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ሰውየውን ሞኝ እንዳታደርጉብኝ።

ሽባባው የመንዝ ሰው ነው። ሚስቱ በተስቦ ሞታበት፣ አገሩ አላስቀምጥ ብሎት፣ አዲስ አበባ ወርዶ ድሬሰርነት ተማረ። ቡታጅራ ሲመደብ አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ሌላ አላገባም። ስለ ሟቿ የጠየቀው ሰው ካለ "ነፍሷን ይማር" ይልና ወሬ ይለውጣል። ስሟን ከአፉ የሰማ አንድም የከተማ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን የሁሉንም ሚስት ስም ያውቃል።

ያ ሁሉ ጥያቄ የመጣው በሀቢቡ ነው። ሀቢቡ ጎረምሳ አናጢ ነበር፣ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ ወደቀ። በገዛ እግሩ ወደ ክሊኒክ መጣ፣ እየቀለደ ተቀመጠ፣ ራሱ ላይ ካበጠችው በቀር ምንም የለበትም። ሽባባው አዮዲን ቀባለትና ሸኘው። ልጁ እቤቱ ገባ፣ በላ፣ ተኛ፣ አልነቃም። ለቅሶው ላይ እናቱ አንድ ነገር ተናገረች። "ሲገባ በእህቱ ስም ጠራኝ" አለች። "የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።"

ይህች ቃል ሽባባውን ገደለችው። እግሩ እቤቱ አድርሶታል፣ አፉ ይቀልዳል፤ ታዲያ ሀቢቡ ራሱ ያን ጊዜ የት ነበር? በምን ይታወቃል ሰው ውስጡ መኖሩ? ኮርስ ላይ ራሱን የተመታን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ ብለዋቸው ነበር፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን። ከሀቢቡ በኋላ ማንንም ሳይጠይቅ ላያሳልፍ ማለ። ሦስቱ ላይም አራተኛ ጨመረ፣ የቅርብ ሰው ስም። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውን፣ ያላገባ ከሆነ የእናቱን። ሲጠይቁት ምክንያቱ ሀቢቡ ነው ይላል። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እሱን ለማንም አልነገረም።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት የልብስ ሰፊው የሙሀመድሰይድ ሱቅ ነበር። በሽተኛ ሲጠፋ ሽባባው እዚያ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ይከራከራሉ።

"አእምሮ እዚህ ነው" ይላል ሽባባው፣ ራሱን በጣቱ ቆርቆር እያደረገ። "ይሄ ሲመታ እሱም ይመታል። ሌላ ምስጢር የለውም።"

"ስትተኛስ ማን መታህ?" ሙሀመድሰይድ እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ ሳያነሳ ይመልሳል። "ሌሊት ሌሊት የት ነው የምትሄደው? እኛ ዘንድ ነፍስ ወደ ጌታዋ ትሄዳለች፣ ዕድሜ ካላት ጠዋት ትመለሳለች። አንተ ግን ራስ ቅልህ ውስጥ ቆልፈህባታል።"

"ተኝቼ ስሜን ብትጠራኝ እነሳለሁ። የትም እንዳልሄድኩ በዚህ ታውቃለህ።"

"እሺ፣ እኔ ባልጠራህስ? የሚጠራው የሌለው ሰው አእምሮ አለው ወይስ የለውም?"

ይህ ጥያቄ ሽባባውን ሳምንት ሙሉ አብሰለሰለው። አንድ ቀን የሰው ቁስል እያጠበ ፋሻውን በእጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆሞ ቀረ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠይባ ናት ያባነነችው።

ጠይባ የዚያው አገር፣ የመስቃን ልጅ ናት። ክሊኒኩን ትጠርጋለች፣ አማርኛ ለማይችሉትም ታስተረጉማለች። ሽባባው የበሽተኛውን መልስ ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ይጽፍ ነበር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አገኘበት። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሦስቱን ጥያቄ እንደ ውኃ ይመልሳሉ፤ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም። ባልየው አጠገባቸው ካለ በአገጫቸው ይጠቁማሉ፣ ያልፋሉ። ባል ከሌለ ግን መሬት መሬት ያያሉ፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ሽባባው ይህን አይቶ አንድ ትልቅ ሐሳብ ላይ ደረሰ። ሰው ከበሽታ ድንጋጤ ሲመለስ በየደረጃው ነው የሚመለሰው፤ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ያለበት ቦታ፣ ቀጥሎ ቀኑ። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በትልቁ፣ "በሴት ዘንድ ባል መጨረሻ ይመለሳል" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት። በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ሐኪም ሊያሳየው ቀን ይጠብቅ ነበር።

ለሙሀመድሰይድ ሲያነብለት ሰውየው መርፌውን አስቀመጠ። "ወላሂ ልክ ነህ" አለ። "ባል መጨረሻ ነው የሚታሰበው።" ወዲያው የተንጠለጠለ ካፖርት ጀርባ ገብቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሽባባው ያስነጠሰው መሰለው። ጠይባም አራተኛውን ጥያቄ ስታስተረጉም ሁልጊዜ ከንፈሯን ትነክስ ነበር፤ ይህንንም በትምህርቱ ኮርታ ነው ብሎ ተረጎመው።

በታኅሣሥ፣ በአንድ ዓርብ፣ ጠይባ ለለቅሶ አጎራባቿ ቆሼ ከተማ ሄዳ ነበር። ገበያው በበርበሬ ቀልቷል፣ ጋሪው ከጋሪ ተቆላልፏል። አራት ሰዓት ላይ አንድ ፈረስ ደንብሮ የጋሪው እንጨት አንዲት ሴት ከጆሮዋ በላይ መታት። ቆጮዋን ልትሸጥ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሳሌሃ ትባላለች። የገበያ ሰዎች ተሸክመው ክሊኒክ አስገቧት፣ አልጋው ላይ አስተኟትና ወጡ። ባለ ጋሪው ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይንቀጠቀጣል።

ሽባባው ደሙን አቆመ። ባትሪውን አብርቶ ዓይኗን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ጠየቃት። አማርኛዋ የገበያ ነው፣ ቢሆንም ይሰማል።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ሳሌሃ።"

"የት ነው ያለሽው?"

"ቡታጅራ። ሐኪም ቤት።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ጁምዓ።"

ደስ አለው። "ባልሽ ማን ይባላል?"

ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሦስተኛ ጊዜ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ መለመን እያደረገው፣ "እስቲ አስቢ፣ ያገባሽው ሰው፣ ስሙ" አላት። በተጨፈነው ዓይኗ ጠርዝ እንባ ወጣ።

ለሽባባው ፈልጋ ፈልጋ ያጣችው መሰለው። ሀቢቡ በእናቱና በእህቱ መካከል እንደጠፋው ይህችም ባሏ ላይ ጠፋች አለ በልቡ። የራሱ ሕግ ግልጽ ነው፤ ራሱን ተመትቶ ከአራቱ አንዷን የሳተ አዲስ አበባ ይላካል። በርበሬ የጫነ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሹፌሩን አስጠርቶ ፊት ለፊት ቦታ አስያዘላት። መንገዱን ግን ያውቀዋል። ጤነኛውን ሰው እንኳ አጥንቱን የሚያላቅቅ መንገድ ነው፣ እንዲህ ያለውን ራስ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት መንገጫገጭ ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። ብትቆይ እንደ ሀቢቡ፣ ብትሄድ መንገድ ላይ። የመላኪያ ወረቀቱን ሲጽፍ ብዕሩ ሁለቴ ወረቀቱን ቀደደው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደጅ ላይ የሽማግሌ ሳል ተሰማ። የሳሌሃ አማት፣ አቶ ሰይዶ ናቸው። ወሬውን ሰምተው ከመንደራቸው ከባለቤታቸው ከዘይባ ጋር በእግር መጡ። ዘይባ የሳሌሃን የአራት ወር ሕፃን አዝላለች። ሽባባው በበሩ አሻግሮ ሕፃኗን ሲያይ ነው ትዝ ያለው፤ ሳሌሃ የምታጠባ መሆኗን አልጠየቀም ነበር።

ሽማግሌው ገና አልገቡም። ሳሌሃ የሰማችው ሳላቸውን ብቻ ነው። ሽባባው ወረቀቱን ይዞ ወደ አልጋው ዞር ሲል፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተንቀሳቀሰችው የሳሌሃ እጅ ፍራሹን ስትዳብስ አየ። ዳበሰች፣ የወደቀ ሻሿን አገኘች፣ ከፋሻው በላይ ጎትታ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ግንባሯንም ሸፈነች። ከዚያ ለመነሳት በክርኗ ተደገፈች።

"ተኚ፣ ልጄ፣ ተኚ" አሉ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው።

ሽባባው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ልቧን የሳተች ሴት ሳል ሰምታ ማን እንደመጣ ታውቃለች? አውቃስ ለሳቸው የሚገባውን ታደርጋለች? ወረቀቱን ያዘና ሽማግሌውን ወደ ደጅ አወጣቸው።

"አባባ" አለ፣ "ልደብቅዎ አልችልም። ባለቤቷን ረስታለች። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፣ አልመጣላትም።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "የልጄን የሙስተፋን ስም ነው የጠየቅኻት?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ አንተ እዚህ አገር ስንት ዓመት ተቀመጥክ?"

"ስድስት።"

"ስድስት" አሉ ሽማግሌው። አልሳቁበትም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። "እኛ መንደር ሚስት የባሏን ስም አፏ ላይ አታደርግም። የእኔንም፣ የእናቱንም አትጠራም። ቤታችን ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቀን አልጠራችንም። ብትሞትም አትጠራው። ያስለቀስካት አንተ ነህ፣ በሽታው አይደለም።"

ሽባባው እዚያው እንደቆመ ያ ወፍራም ደብተር ገጽ በገጽ በዓይኑ ላይ ተገለበጠ። ሦስት ዓመት። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ። ያ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር። ካፖርት ጀርባ የተንቀጠቀጠው ትከሻም ትዝ አለው፤ ፊቱ ጆሮው ድረስ ቀላ።

እፍረት ግን በሽተኛ አያድንም፤ ፍርሃቱም አለቀቀው። ምናልባት በሥርዓቷ ዝም ብላለች፤ ምናልባት ደግሞ ከሥርዓቱ በታች እውነትም ጠፍቶባታል። መኪናው ገበያው ዳር ጥሩምባውን ነፋ። ሽባባው ተመልሶ ገባ፣ በርጩማውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ሳሌሃ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አላት። "ስሙን ተይው። ግን ባለቤትሽን ገበያ መሃል አገኘዋለሁ እንበል። በምን ልወቀው?"

ዓይኗን ከፈተች። ጣራውን አየች።

"ዛሬ እሱ ገበያው ላይ የለም" አለች። "መርካቶ ነው። ቆርቆሮ ይሸጣል። ለአረፋ ነው የሚመጣ።"

"ሲመጣስ?"

"ረጅም ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ በሩ ትልቅ ቢሆንም ጎንበስ ይላል። የግራ ጆሮው ጫፏ የለችም፣ ልጅ ሆኖ ውሻ ነክሶታል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ጥርሱ ግን ጥሩ ነው፣ ለምን እንደሚሸፍን አላውቅም። በርበሬ ሲበላ ሦስቴ ያስነጥሳል። ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው።" ትንሽ አረፈች። "ባለፈው ሲሄድ መንገድ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምን ረሳህ አልኩት። ምንም አልረሳሁም አለኝ፣ የልጄን እግር ልይ ነው። እግሯን አየና ሄደ።"

ሽባባው ምንም አልጻፈም። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ አንድ ቃል አልጻፈም። ሰውየው ራሱ ክፍሉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የገባ መሰለው። ስም ብትነግረው ኖሮ ከዚህ ሁሉ ምኑን ያገኝ ነበር?

ጥሩምባው ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ሽባባው ወደ በሩ ሄዶ ሊጠራ ለመጣው የሹፌሩ ረዳት፣ "ሂዱ" አለው። ሕፃኗን ከዘይባ ጀርባ ተቀብሎ ራሱ ከሳሌሃ ጎን አስተኛት። ልሸፍንለት አልፈልግም፣ በጣም ፈርቶ ነበር። እስከ ንጋት በርጩማው ላይ ቆየ። በየሰዓቱ ባትሪውን ያበራል፣ ዓይኗን ያያል፣ ስለ ባሏ አንድ ነገር ይጠይቃል። ምን ይወዳል፣ እንዴት ይተኛል፣ ሲቆጣ ምን ይላል። በአራተኛው ላይ ሳሌሃ ሰለቸች። "አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ሌላ የምታወራው ሰው የለህም ወይ?"

ቅዳሜ ጠዋት ሳሌሃ በትራስ ተደግፋ ታጠባ ነበር። ጠይባ ከቆሼ ተመልሳ ስትገባ ሽባባው ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙ አድጎ ጠበቃት።

"ጠይባ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

ነገሩ ሲገባት መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። "የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ፣ ጋሼ። እያወቁ የሚያሾፉብን መስሎኝ። ሴቶቹም እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ይሄ ሰውዬ መልካም ነው፣ ግን ዓይን አውጣ ነው ይላሉ።"

ሽባባው በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ሳሌሃ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች፤ ጠይባ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን አለች?"

"'እሱስ?' አለች። የእርስዎ ባለቤት ማን ትባላለች ነው የምትለው።"

ሽባባው አፉን ከፈተ። ስሟ እምላሱ ላይ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነበር። አልወጣም። መነጽሩን አወለቀ፣ በጋወኑ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

"ጋሼ ዝም አሉ" አለች ጠይባ እየሳቀች። "እንግዲህ በሕግዎ አዲስ አበባ ሊላኩ ነው።" ወዲያው ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠች።

ሳሌሃ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች። "ስሟን ተወው" አለችው ቀስ ብላ። "ገበያ መሃል ባገኛት በምን ልወቃት?"

ደጅ ላይ በሽተኛ መሰለፍ ጀምሯል። ሽባባው በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"አጭር ናት" አለ። "ትከሻዬ ጋ ነው የምትደርሰው። ስትቆጣ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፤ አጣጥፋ ትጨርስና ፈትታ እንደገና ታጥፋለች፣ እስኪበርድላት። እንቁላል መቀቀል አትችልም ነበር። ትጥደውና ትረሳዋለች፣ ውኃው አልቆ ሲፈነዳ ነው የምናስታውሰው፣ ሁልጊዜ።" ሳቅ መጣበት፣ አብሮት ሌላም ነገር መጣ፣ ሁለቱንም አልከለከላቸውም። "ተስቦው ሲይዛት መጀመሪያ ቀኑ ጠፋት። ቀጥሎ ቤቷ ጠፋት፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች፣ ቤቷ ሆና። እናቷን ማን ነሽ አለቻት። የራሷን ስም ስንጠራት አትዞርም። በቃ፣ የለችም አሉ ሰዎቹ፣ ቄስ ጠሩ። እኔ ከደጅ ስገባ ግን ቀና ብላ፣ 'ሽባባው፣ በሩን ዝጋው፣ ይበርድሃል' አለችኝ። እሷ ናት በትኩሳት የምትነደው። ይበርድሃል አለችኝ።"

ጠይባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ለዚህ ነው አራተኛዋን የጨመርኳት" አለ። "በመጨረሻ የሚቀረው የቅርብ ሰው ስም መስሎኝ።"

ሳሌሃ የእጅ ባትሪውን ከአልጋው ራስጌ አነሳች። አብርታ፣ እሱ የእሷን ሲያይ እንዳደረው፣ አንዱን ዓይኑን አየች፣ ሌላውንም አየች። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ባትሪውን አጥፍታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ደህና ነህ" አለችው። "አዲስ አበባ አትሄድም።"